ሊሚተሩ በማንኪያ የተለካበት ዕለት

ግትር ሰው መሆኔን አስቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ታሪኩ መሃል ስትደርሱ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ብላችሁ መናደዳችሁ አይቀርም። ያኔ ቢያንስ አልደበቀንም ትሉኛላችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ወሎ ነው። ጅማ የመጣሁት ኮሌጅ ልማር ነበር፤ ትምህርቱ አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። ተማሪ ሳለሁ በትርፍ ጊዜዬ የምነካካው ኪቦርድ ቀስ በቀስ እንጀራዬ ሆነና መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ተከራይቼ የሙዚቃ ቤት ከፈትኩ። ቅዳሜና እሁድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ባንድ ይጫወታል። ደንበኞቼ በአብዛኛው ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። የኦሮምኛው ዘፈን ሲመጣ አንዱ ጥግ ብድግ ይላል፣ የጉራጊኛው ሲመጣ ሌላው፣ የትግርኛው ሲመጣ ደግሞ መሃሉ መዞር ይጀምራል። እኔ ሚክሰሩ አጠገብ ቆሜ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። ያኔ ለእኔ ጥሩ ሙዚቃ ማለት ደረት የሚመታ ሙዚቃ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን። ስድስት ሙዚቀኞች፣ አራት አስተናጋጆች፣ ዘበኛውና እኔ ከነቤተሰባችን የምንበላው ከዚያ አዳራሽ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አንድ ተቆጣጣሪ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ትሁት ሰው ነው፤ ክፉ ወሬ የሚያመጣ ሰው ትሁት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

«እስከ ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት የድምፅ መገደቢያ ይገጠም ይላል» አለኝ። «እኔ ራሴ መጥቼ አያለሁ። ካልተገጠመ ግን ቤቱ ይታሸጋል።»

የድምፅ መገደቢያ፣ እኛ በሙያው ሊሚተር የምንለው፣ ድምፁ ከተወሰነለት ልክ እንዳያልፍ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ለፈረስ ልጓም እንደማለት ነው።

«ማነው የከሰሰኝ?»

«ክስ አይደለም፣ አቤቱታ ነው» አለና ወረቀቱን አዞረልኝ። ግርጌው ላይ የሰፈረው ስም የአባ ቢያ ነበር።

አባ ቢያ ከአዳራሼ ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰናቸው ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲነግዱ ኖረው አሁን ቤት ውለዋል። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ስንገናኝ «አካም ቡልቴ፣ ልጄ? እንዴት አደርክ?» ይሉኛል፤ እኔም ሳልቆም «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?» ብዬ አልፋለሁ። እንዲያ ሰላም እያለኝ የኖረ ሰው በወረቀት መጣብኝ ብዬ ነደድኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው አባ ቢያን አያውቃቸውም አልኩ። ተናገርኩት እንጂ አላሰብኩትም።

በዚያው ንዴቴ ወደ ራድያ ሱቅ ሄድኩ።

ራድያን ማስተዋወቅ አለብኝ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእሷ ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት የኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ፣ ሆዳቸው በተከፈተ ቴሌቪዥንና ሞንታርቦ ተከባ ትሠራለች። መነጽሯን ከሂጃቧ በላይ ሰቅላው ትረሳና ትፈልገዋለች። የመስጊዱንም፣ የቤተ ክርስቲያኑንም፣ የሠርግ ድንኳኑንም ድምፅ ማጉያ የምታስተካክለው እሷ ናት። ሙያውን የለመደችው አሰንዳቦ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግኑ ከነበሩት አባቷ ነው። እኔ ቤት ግን ለዘፈን ገብታ አታውቅም፤ «ዕቃህን እሠራልሃለሁ፣ ጭፈራውን ግን ለራስህ» ትለኝ ነበር።

«የትኛውን ሊሚተር ልግዛ?» አልኳት።

«ከግድግዳህ ወዲያ ያለው ማን ነው?»

«አንድ ከሳሽ ሽማግሌ።»

«ከሳሽነቱን መቼ ጠየቅኩህ? የት ነው የሚተኛው? ምንድነው የሚሰማው?»

«ራድያ፣ እኔ ዕቃ ልመርጥ እንጂ ለሽምግልና አልመጣሁም። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ዝቅ፣ ሲሄድ ከፍ የሚል ዓይነት የለም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እሱማ አለ። እጅህ ይባላል። ለእሱ ብለህ ዕቃ አትግዛ።»

አጠገቧ የነበሩት ባጃጅ ነጂዎች ሳቁብኝ። ራድያ ግን አልሳቀችም። «ዋላሂ፣ ሳላይ አልመርጥልህም» አለች። «ግድግዳውን ከወዲያ በኩል አሳየኝ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ።»

የጠላቴን ደጅ አንኳኳ ማለቷ ነው ብዬ ትቻት ወጣሁ። መሃል ከተማ የሙዚቃ ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ አንድ ጥቁር ሳጥን ገዛሁ። ማይኩን ጣሪያ ላይ ሰቅለህ ልኩን ትሞላለታለህ፤ ድምፁ ካለፈ ሳጥኑ የመድረኩን መብራት ቁርጥ ያደርገዋል። «በቃ፣ ከዚህ በላይ ሊሚተር የለም» አለኝ ነጋዴው። ያን ዕለት ማታውኑ ሰቀልኩት። ዓርብ ጠዋት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ባንዱን አስጫውቼ ሞከርኩት፤ አንዴም አልቆረጠም። ራድያ ቤት ሄጄ ልኮራባት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ተመራቂ ተማሪዎች አዳራሹን ለግብዣ ይዘውት ነበር። ባንዱ ተጠንቅቆ፣ ዝግ ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንዲት ተመራቂ ወደ መሃል ስትወጣ ጓደኞቿ እልልታውን አቀለጡት። ቁርጥ! ዘፋኙ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሰዉ መብራት የጠፋ መስሎት «ኤጭ!» አለ። ሄጄ ቀጠልኩት። መብራቱ ሲመጣ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ። ቁርጥ! ለካ ባዶ አዳራሽ ስሞክር ሰው የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ጅማ ውስጥ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ እልልታን መርሳት፣ ሠርግ ጠርቶ ሙሽራዋን እንደመርሳት ነው። ሦስተኛ ጊዜ ተቆርጦ መብራቱ ሲመለስ አንደኛው ሞንታርቦ ጓ ብሎ ዝም አለ፤ ከዚያም አልተነሳም። ተመራቂዎቹ ቀሪውን ግብዣ በእጃቸው ጭብጨባ ጨረሱት።

ቅዳሜ ጠዋት አንገቴን ደፍቼ ራድያ ሱቅ ቆምኩ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የቀረኝ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። የሆነውን ስነግራት አልሳቀችብኝም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ያ ሳጥን ደስታችሁን ነው የሚቆርጠው» አለችና መነጽሯን ፈልጋ አገኘች። «ና፣ ወዲያ በኩል እንሂድ።»

በሩን ያንኳኳችው እሷ ናት። እኔ ከኋላዋ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሜ ነበር። አባ ቢያ ከፈቱ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ይቋጠራል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው በራ።

«ሴና፣ ሴና! ግቡ! ልጄ፣ መጣህልኝ?»

የሚናገሩት አማርኛ ኦሮምኛ ሲቀላቀልበት ደስ ይላል፤ ያን ዕለት ግን ደስታውን አልሰማሁትም። ግቢያቸው ውስጥ አንድ አቮካዶ ዛፍ አለ። ከሥሩ አንዲት ዱካና በሰፌድ የተጀመረ የቡና ለቀማ ነበር። ወደ ውስጥ አስገቡን። ከአዳራሼ ግድግዳ ጋር በተጠጋ አልጋ ላይ ባለቤታቸው አዴ ሰዓዳ ተኝተዋል። ስትሮክ ከመታቸው ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ድምፃቸውም ከሹክሹክታ አያልፍም። በግራ እጃቸው በኩል፣ በርጩማ ላይ፣ በብረት ሳህን የተቀመጠ አንድ ብርጭቆና አንድ ማንኪያ አለ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ የማፍርበትን ልንገራችሁ። መታመማቸውን ሰምቼ ነበር። ሰው በታመመበት ቤት ደጅ ስምንት ወር እያለፍኩ አንድ ቀን ገብቼ አልጠየቅኩም። በአስተናጋጅ ብርቱካን ልኬ ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።

«እግዜር ይማርዎት፣ አዴ ሰዓዳ» አልኩ። እሳቸው በዓይናቸው ተቀመጥ አሉኝ።

ራድያ ብርጭቆውን እያየች ነበር። «ማንኪያው ምንድነው፣ አባ ቢያ?»

«መጥሪያችን ነው። ድምፅዋ አይሰማማ። እኔ ግቢ ስሆን በማንኪያ ብርጭቆውን ትመታልኛለች፣ እመጣለሁ።»

ራድያ ወዲያው ስልኬን አውጥቼ አዳራሹ ውስጥ ወዳለው ድራም መቺያችን ወደ ማቲ እንድደውል አዘዘችኝ። ደወልኩና ምታ አልኩት። ከግድግዳው ወዲያ ድራሙ ጀመረ። ማንም ማንኪያውን ሳይነካው ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ቅል፣ ቅል፣ ቅል። ድራሙ በመታ ቁጥር ይጮሃል።

ራድያ ከቦርሳዋ የድምፅ መለኪያ አውጥታ አየች። «ቁጥሩ ጽሕፈት ቤቱ ከሚለው አላለፈም» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ መለኪያ የሚያየው በጆሮ የሚመጣውን ነው። ቤዙ፣ ማለት ወፍራሙ ድምፅ፣ ግን በመሬት ነው የሚመጣው።»

አባ ቢያ ሳህኑን እያዩ ተናገሩ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ የከበደኝም እሱ ነው።

«መጀመሪያ መጀመሪያ፣ ብርጭቆው በጮኸ ቁጥር እየሮጥኩ እገባ ነበር። ምን ልስጥሽ እላታለሁ፣ ምንም አልፈለገችም፤ ድራሙ ነው። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ጉልበቴ አልቻለም ልጄ። በኋላ ቅዳሜና እሁድ ሲጮህ ድራሙ ነው ብዬ መቀመጥ ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ የእውነት ስትጠራኝ ቆይታ፣ እኔ ቡናዬን እለቅማለሁ። ስገባ መሬት ላይ አገኘኋት። አልሐምዱሊላህ፣ አልተሰበረችም።»

«ምነው ለእኔ ቢነግሩኝ?» አልኩ። ስጠይቅ መልሱን የምፈራው ጥያቄ ነበር።

«ሦስት ጊዜ በርህ ላይ መጣሁ። ዘበኛው የለም አለኝ። ዝጋ ልልህ አልነበረም። ማሎ፣ እባክህ ትንሽ ዝቅ አድርግልን ልልህ ነበር። ሦስት ጊዜ የለም ስትባል ወረቀት ትጽፋለህ፣ ሌላ ምን ታደርጋለህ?»

ዘበኛው አልዋሸም፣ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። «ጎረቤት ለስሞታ ከመጣ የለም በል» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ተነስቼ አባ ቢያ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። «ተነስ፣ ተነስ ልጄ» እያሉ ትከሻዬን ይዘው ጎተቱኝ። አልቅሼ ነበር፤ ለምን እደብቃችኋለሁ?

ራድያ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ሰዓቱ አምስት ሆኗል። «አሁን የምንፈልገውን ሊሚተር አወቅኩት» ብላ ወደ ሱቋ ሄደችና ግራጫ ሳጥን ይዛ መጣች። እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ። ያኛው ሳጥን መብራት ይቆርጣል፤ ይሄኛው በሚክሰሩና በአምፕሊፋየሩ መሃል ገብቶ ሙዚቃው ከፍ ሊል ሲል ቀስ አድርጎ ይይዘዋል። የሰውን እልልታ አይሰማም፣ ስለዚህ በሰው ደስታ አይቆጣም። ቤዙን ደግሞ ለብቻው ይገድባል፤ ዘፋኙ ሳይታፈን ድራሙ ብቻ ይገራል። ከላይ በቁልፍ የሚዘጋ ክዳን አለው። ሳጥኑን ገጥማ ሳትጨርስ ማቲንና አስተናጋጆቹን ጠርታ ሞንታርቦዎቹን በሙሉ ከወለሉ አስነሳችና ከአሮጌ የመኪና ጎማ በተቆረጠ ወፍራም ላስቲክ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አሁን ልኩን እንሞላለን» አለች። «አንተ ተመለስና አዴ ሰዓዳ አጠገብ ተቀመጥ።»

«እኔ? ባለሙያዋ አንቺ!»

«አባቴ ሬዲዮ ጠግኖ ሲጨርስ ሌላ ክፍል ገብቶ ነበር የሚያዳምጠው። አጠገቡ ከሆንክ ሁሉም ድምፅ ያምርሃል ይል ነበር። ቤቱ ያንተ ነው፣ ጆሮውም ያንተ ይሁን።»

ስለዚህ እሷ ከሳጥኑ ጋር አዳራሹ ውስጥ ቀረች፣ እኔ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከአዴ ሰዓዳ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። አባ ቢያ አቮካዶው ሥር ቡናቸውን እንዲለቅሙ ነገርናቸው። መቼ እንደሚጠሩ አልነገርናቸውም። በመስኮቱ ጀርባቸው ይታየኛል።

ባንዱ ሙሉ በሙሉ ጀመረ። ብርጭቆው አሁንም ቅል፣ ቅል ይላል። ለአዴ ሰዓዳ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ምልክት ሰጠኋቸው። በግራ እጃቸው ማንኪያውን አነሱና መቱ። አባ ቢያ አልዞሩም።

«አልሰሙም» አልኩ በስልኩ።

«ቤዙን ቀነስኩት። ድገሙ።»

ብርጭቆው አሁን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። አዴ ሰዓዳ መቱ። አባ ቢያ ለቀማቸውን አቁመው ትንሽ አዳመጡ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሰፌዱ ተመለሱ። ድራሙ መስሏቸው ነው። ያን ራስ መነቅነቅ ሳይ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሙዚቀኞቼ «ከፍ! ከፍ!» ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ዕለት በገዛ አፌ «ዝቅ አድርጊው፣ ራድያ፣ አሁንም ዝቅ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ? ደረት አይመታም እኮ።»

«ደረቴን ተይውና ዝቅ አድርጊው!»

ዝቅ አለ። ብርጭቆው ጸጥ አለ። የሚገርማችሁ ግን ዘፈኑ አልጠፋም። ዘፋኙ በደንብ ይሰማል፣ ክራሩ ይሰማል፤ በዚያ ደረት መቺ ቤዝ ውስጥ ክራር እንዳለን እኔ ራሴ ረስቼ ነበር። አዴ ሰዓዳ ማንኪያውን አነሱ። እጃቸው ደክሟል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ አድርገው መቱ።

አባ ቢያ ሰፌዱን ወደ ጎን ጣሉት። ቡናው ግቢው ላይ ተበተነ። እየሮጡ ገቡ።

«አቤት ሰዓዳ! ምን ልስጥሽ?»

አዴ ሰዓዳ ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ጆሯችንን አስጠግተን የሰማነው ሹክሹክታቸው «ምንም። ሰምተህ እንደሁ ብዬ ነው» የሚል ነበር። ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ። እኔ በስልኩ «እዚህ ላይ ቁሚ» አልኩ፤ ራድያም ቆመች።

ባንዱ በዘጠኝ ሰዓት በዚያው ልክ ጀመረ። እልልታውም ጭብጨባውም ቀለጠ፣ ሳጥኑ ግን ምንም አላለም። ተቆጣጣሪው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ አዳራሹንም፣ የአባ ቢያንም ግቢ ለካና ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ራድያ ክዳኑን ቆልፋ ቁልፉን በመዳፏ ይዛ ወደ አባ ቢያ ግቢ መጣች።

«ቁልፉ ባለቤቱ ጋ ነው የሚቀመጠው?» ሲል ተቆጣጣሪው ጠየቀ።

እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር። ራድያ እጄን አልፋ ወደ አባ ቢያ ሄደች። «ልኩ የተሞላው እዚህ ቤት ነው፣ ቁልፉም እዚህ ቤት ይደር» አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ካልተስማማህ አሁን ተናገር።»

እውነት ለመናገር ፈርቼ ነበር። የቤቴን ልጓም ትናንት ጠላቴ ላልኳቸው ሰው መስጠት ነው። ግን ያ የተበተነ ቡና ዓይኔ ላይ ነበር። «ተስማምቻለሁ» አልኩ። አባ ቢያ «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመስግነው ቁልፉን ከእሷ ተቀበሉና ገብተው ለባለቤታቸው ሰጡ። አዴ ሰዓዳም በሻሻቸው ጫፍ አስቋጠሩት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ባንዱ ከመጀመሩ በፊት እዚያ ቤት እገባለሁ። ሰበቤ «ድምፁ እንዴት ነው?» ማለት ነው፤ እውነቱ ግን የቀረብኝን የስምንት ወር ጥየቃ እየከፈልኩ ነው። አንዳንድ እንግዳ ዘፋኝ «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ እንጂ» ሲለኝ «ቁልፉ አዴ ሰዓዳ ጋ ነው፣ ሄደህ ለምናቸው» እለዋለሁ። እስካሁን የደፈረ የለም። ደንበኛ ይቀንሳል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን «አሁን እየጨፈርን ማውራትም ቻልን» እያሉ ይመጣሉ።

ባለፈው ዝናብ መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አባ ቢያ ራሳቸው አዳራሼ ድረስ መጡ። ዘበኛው እየሮጠ አስገባቸው። ቁልፉ በእጃቸው ነበር። እያለከለኩ መጥተው ነበርና አዴ ሰዓዳ ምን ሆኑ ብዬ ደነገጥኩ።

«ልጄ፣ ዛሬ በድምፅዋ ጠራችኝ» አሉ። «አቮካዶው ሥር ሆኜ ስሜን ሰማሁት። ማንኪያው ቀረ። እንካ ቁልፍህን።»

ሰው ፊት ተቃቅፈን ቆምን። ከዚያ መዳፋቸውን በቁልፉ ላይ መልሼ ዘጋሁት። «እርስዎ ጋ ይሁን፣ አባ ቢያ» አልኳቸው። «ዘበኛዬን የለም በል ላልኩት ለእኔ አይሰጥም።»

በማግስቱ ለራድያ ስነግራት የሆነ ሬዲዮ ውስጥ አንገቷን ቀብራ ነበር። ቀና አላለችም፤ ግን የያዘችው መፍቻ እጇ ላይ ቆመ። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ይህን ያህል ነው ያለችው። እኔ ግን ስለ እሷ እስክናገር አይደክመኝም፤ ከሌላ ከተማ ሙዚቃ ቤት የሚከፍቱ ሰዎች ስልክ ደውለው «የትኛውን ሊሚተር እንግዛ?» ሲሉኝ ስለ ዕቃ ከማውራቴ በፊት እሷ ያን ሐሙስ ጠዋት የጠየቀችኝን እጠይቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ይናደዳሉ። እኔም ተናድጄ ነበር።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ከግድግዳችሁ ወዲያ ያለው ማን ነው? ካላወቃችሁ ዛሬውኑ ሂዱና አንኳኩ። ብርቱካኑን በሰው አትላኩ፣ ራሳችሁ ይዛችሁ ግቡ።